ዶፓሚኑ ሲበርድ ፍቅሩ አለቀ ማለት ነው?

ጥያቄ፦

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሠላሳ ዓመቴ ነው፤ ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል በአዋላጅነት እሠራለሁ። አዲስ አበባ የሚኖር የሒሳብ ሠራተኛ ወዳጅ አለኝ። ከተዋወቅን ሦስት ዓመት ሆነን፤ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ወስኗል።

የመጀመሪያው ዓመት እሳት ነበር። እህል አይወርድልኝም፤ እንቅልፍ አይወስደኝም። ከአዳር ተረኛነት ወጥቼ ሳልተኛ አውቶቡስ ተሳፍሬ ቀኑን ሙሉ ተጉዤ አዲስ አበባ የገባሁበት ጊዜ አለ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይዘል ነበር። አሁን ያ ሁሉ የለም። ማታ ማታ በሁለት ሰዓት ይደውላል፤ ስለ ውሏችን እናወራለን፤ ደኅና እደር፣ ደኅና እደሪ ተባብለን እንተኛለን። ደግ ሰው ነው፤ ዋሽቶኝ አያውቅም። አባቴ ታመው በተኙ ጊዜ ፈቃድ ወስዶ መጥቶ አብሮኝ አስታሟል።

በቅርቡ የሥራ ባልደረባዬ ስለ ፍቅር የሚያስረዳ አንድ ንግግር ላከችልኝ። ፍቅር ማለት ዶፓሚን፣ ሴሮቶኒንና ኦክሲቶሲን የሚባሉ የአንጎል ኬሚካሎች ነው፤ ተፈጥሮ ዘር ለማስቀጠል የዘየደችው ዘዴ ነው፤ ከአሥራ ስምንት ወር በኋላ ያልቃል ይላል። ኦክሲቶሲን እኮ እኔ በየቀኑ ከማቀዝቀዣ እያወጣሁ የምወጋው መድኃኒት ነው! ከዚያ ቀን ወዲህ ብልቃጡን ባነሳሁ ቁጥር «የእኔ ፍቅር ይህ ነው?» እላለሁ። ፍቅር ከዚህ ያለፈ ነገር ካልሆነ፣ የእኔም ካለቀ፣ ምን ይዤ ነው የማገባው?

ደግሞ አዲስ አበባ ቤት ተከራይቷል። «ዝውውር ጠይቂ» ብሎኛል። የነገረኝ እንደ ምሥራች ነው።

ብልቃጡ ያስጨነቃት፣ ከድሬዳዋ

ምላሽ፦

እህቴ፣ አባትሽ አሁን ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከብልቃጡ ልጀምር። ኦክሲቶሲንን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሕፃኑ እንደ ተወለደ አሥር ዩኒት በእናቲቱ ጭን ትወጊያለሽ፤ ማህፀኗ ይኮማተራል፤ የሚፈሰው ደም ይገታል። በዚህች ጥቂት ፈሳሽ ስንት እናት ከሞት አፋፍ እንደ ተመለሰች ያየሽው አንቺ ነሽ። እንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል እ.ኤ.አ. በ1906 ከአንጎል ሥር ካለችው ዕጢ የተቀዳ ፈሳሽ ማህፀንን እንደሚያኮማትር ሲገልጽ ስለ ፍቅር ያነሳው ነገር አልነበረም። አሜሪካዊው ቪንሰንት ዱ ቪኞም እ.ኤ.አ. በ1955 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ሲቀበል በዋናነት የተመሰገነው ይህን ሆርሞን በላቦራቶሪ በመሥራቱ ነው። «የፍቅር ሆርሞን» የሚለው ቅጽል ከብዙ ዓመት በኋላ የተለጠፈበት ነው፤ እኔ ቅጽሉን አልወደውም፤ እንዳንቺ ያሉ ሰዎችን ያለ ምክንያት እንቅልፍ ይነሳል።

እስኪ ልጠይቅሽ። ከወጋሻቸው እናቶች መካከል መርፌው እንደ ገባ የአንቺ ፍቅር የያዛት አለች? በር ላይ የቆመውን ጥበቃ የወደደችስ? የለችም። አንዱ ምክንያት ከሙያሽ የሚርቅ አይደለም፤ በጭን የገባ ኦክሲቶሲን ከደም ወደ አንጎል የሚዘልቀው እጅግ ጥቂቱ ነው፤ አንጎል በአብዛኛው የሚጠቀመው እዚያው ውስጥ የሚለቀቀውን ነው። ሁለተኛው ምክንያት ግን ለጥያቄሽ ይበልጥ ይጠቅማል። በምጥ ጊዜ የእናቲቱ አንጎል ራሱ ኦክሲቶሲን ያፈልቃል፤ እናቲቱም እጇን የምትዘረጋው አሁን ወደ ጮኸችው ልጅ ነው። ለምን ወደ እርሷ? ዘጠኝ ወር ተሸክማታለች። ስትራገጥ በሌሊት ነቅታ አዳምጣታለች። ስም አውጥታላታለች። ምናልባት ከእርሷ በፊት አንድ ልጅ ቀብራለች። ሆርሞኑ ዝንባሌውን ያነሳሳል፤ «ለማን?» የሚለውን ግን ሆርሞኑ ውስጥ ብትፈልጊ አታገኚውም። ኦክሲቶሲን የማንንም ስም አያውቅም። ልጅቱን የምታውቃት እናቷ ናት።

ይህን የምለው ሳይንሱን ለማጣጣል አይደለም። ያለ አንጎል ሥራ የተወደደ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም፤ ወደፊትም አይኖርም። እ.ኤ.አ. በ2005 አርተር አሮን፣ ሔለን ፊሸር፣ ሉሲ ብራውንና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፤ ያ የተላከልሽ ንግግርም ሳያነሳው አልቀረም። ፍቅር የያዛቸው 17 ሰዎች የአንጎልን ሥራ በሚያሳይ ኤምአርአይ በሚባል ማሽን ውስጥ ተጋድመው የሚወዱትን ሰው ፎቶግራፍ ተመለከቱ። ያን ጊዜ በመካከለኛው አንጎል ውስጥ ያለች፣ ዶፓሚን የሚያመነጩ ሕዋሳት የሚገኙባት ትንሽ ስፍራ ነቃች። ይህች ስፍራ ሰው አጥብቆ የሚሻውን ነገር ሲያገኝ ወይም ሊያገኝ ሲቃረብ የምትሠራ ናት። ተመራማሪዎቹም ፍቅርን ከተራ ስሜትነት ይልቅ እንደ ረኃብና እንደ ጥም ወደ አንድ ነገር ከሚገፋ ፍላጎት ጋር መደቡት። እኔ ይህ ትክክል ይመስለኛል፤ እህል ያላስወረደሽና ከአዳር ሥራ አውጥቶ አውቶቡስ ያሳፈረሽ እርሱ ነው።

ነገር ግን በዚያው ጥናት ተሳታፊዎቹ የሌላ ሰው ፎቶግራፍም አይተዋል፤ የሚያውቁትን ግን የማይወዱትን ሰው። ያን ጊዜ ያቺ ስፍራ እንደዚያ አልነቃችም። ልብ በይ፤ ተመራማሪዎቹ ማሽኑም፣ ገንዘቡም፣ ዕውቀቱም ነበራቸው፤ ፎቶግራፉን ግን ከራሳቸው መሳቢያ ማውጣት አልቻሉም። እያንዳንዱ ተሳታፊ ይዞ መምጣት ነበረበት። በማሽኑ ላይ የታየው ለውጥ አንዳች ነገር የሚነግረን ያ ፊት የማን እንደሆነና በመካከላቸው ምን እንዳለፈ ስናውቅ ነው። እንግዲህ ፍቅር በአንጎል ውስጥ ይከናወናል፤ የሚወደደው ሰው ግን ያለው ከአንጎል ውጭ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በሒሳብ መዝገብ ላይ አቀርቅሮ።

አንዲት እናት በለቅሶ ቤት ስታነባ አስቢ። እንባዋን ጠርገሽ ላቦራቶሪ ብትልኪው ውሃ፣ ጨውና ፕሮቲን የሚል ወረቀት ይመጣልሻል። በወረቀቱ ላይ አንድም ስሕተት አይኖርም። የሞተው ማን እንደሆነ ግን አይናገርም። «እንባ ውሃና ጨው ብቻ ነው» ብሎ ተነሥቶ የሚወጣ ለቅሶ ደራሽ ቢኖር የምንታዘበው ኬሚስትሪ ስላላወቀ አይደለም፤ ኬሚስትሪውንስ አውቆታል።

ይህ ክርክር ከአንጎል ማሽን በጣም ይቀድማል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት የግሪኩ ፈላስፋ ሶቅራጥስ በአቴና እስር ቤት ሞቱን ሲጠባበቅ ለወዳጆቹ የተናገረውን ተማሪው ፕላቶ አቆይቶልናል። አንድ ሰው «ሶቅራጥስ እዚህ የተቀመጠው አጥንቶቹ በመገጣጠሚያ ስለተያያዙ፣ ጅማቶቹም ስለሚታጠፉና ስለሚዘረጉ ነው» ቢል ምን ያህል ያልሆነ ነገር እንደሚሆን ነው የሚያስረዳው። አጥንትና ጅማት ከሌለ መቀመጥ እንደማይቻል አልካደም። እውነተኛው ምክንያት ግን አቴናውያን ስለፈረዱበት፣ እርሱም ሸሽቶ ከማምለጥ ፍርዱን መቀበል ይሻላል ብሎ ስለወሰነ ነው፤ ለአጥንቶቹና ለጅማቶቹ ቢሆን ኖሮማ ገና ድሮ ሸሽተው ጎረቤት አገር፣ ሜጋራ ወይም ቦዮቲያ በደረሱ ነበር። አንቺም ወዳጅሽ ለምን አባትሽን ሊያስታምም እንደ መጣ ብትጠየቂ «ዶፓሚኑ ከፍ ብሎ» ብለሽ እንደማትመልሺ አውቃለሁ። አባትሽ ታመው ስለነበር፣ አንቺም ብቻሽን ስለነበርሽ፣ እርሱም ይህን አውቆ ዝም ማለት ስላልቻለ ነው የመጣው።

«ብቻ ነው» የሚለው ቃል ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። ፍቅር በአንጎል ኬሚካሎች ስለሚከናወን ከንቱ ከሆነ፣ በአንጎል ኬሚካሎች የሚከናወነው ሁሉ ከንቱ ሊሆን ነው። የሒሳብ ዕውቀት የሚያዘው በዚያው አንጎል ነው። ያ ንግግር አድራጊ «ፍቅር ኬሚካል ነው» ብሎ ሲያምን እምነቱ ራሱ የሕዋሳት ሥራ ነው፤ በዚህ ምክንያት ግን እምነቱ ሐሰት ነው አንለውም፤ እውነት ወይም ሐሰት መሆኑን የምንመረምረው በማስረጃው ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደም የሚፈስሳትን እናት ትተሽ እንዳትተኚ የሚያደርግሽ ርኅራኄም ምንጩ አንጎል ነው፤ አጥቢ እንስሳት ልጆቻቸውን ለማሳደግ ካዳበሩት ጠባይ የመጣ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። እና ርኅራኄሽ ዋጋው ቀነሰ? ተፈጥሮ አንድን ነገር ለዘር ማስቀጠያ ብታዘጋጀውም ሰው በዚያ ነገር ምን እንደሚሠራበት ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ልጅ መውለድ ያልቻሉ፣ ዕድሜያቸውም ያለፈ ባልና ሚስት እጅ ለእጅ ተያይዘው ሐኪም ቤት ሲመጡ አላየሽም?

አማኝ የሆኑ አንባቢዎቼ «ፍቅር የነፍስ ነው፤ ሆርሞን ምን አገባው?» ብለው እንደሚጽፉልኝ አውቃለሁ። ፈጣሪ ሰውን ከሥጋና ከነፍስ አዋሕዶ ሠራው ካልን፣ ሥጋው የራሱን ድርሻ ሲሠራ መታየቱ ሊያስደነግጠን አይገባም።

ስለ አሥራ ስምንቱ ወር ግን ዘለግ አድርጌ ልንገርሽ፤ አንቺን ከሁሉም በላይ ያሳመመሽ እርሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1999 የጣሊያኗ ሐኪም ዶናቴላ ማራዚቲና ባልደረቦቿ በፒሳ ባደረጉት ጥናት፣ በቅርቡ ፍቅር የያዛቸውን 20 ሰዎች ደም መረመሩ። ሴሮቶኒንን የሚያጓጉዘው ፕሮቲን በእነርሱ ደም ውስጥ ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ አንድን ሐሳብ ደጋግመው በሚያመላልሱ ሕሙማን ላይ እንደሚታየው ማለት ነው። ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ከመካከላቸው ጥቂቶቹ እንደገና ሲመረመሩ መጠኑ ወደ ነበረበት ተመልሶ ነበር። ንግግሩ «አለቀ» ያለውን ከዚህ ጋር አስተያዪው። ወደ ቦታው የተመለሰው ያ እንቅልፍ የሚነሳው፣ ቀን ከሌሊት አንድ ፊት ብቻ የሚያስስለው ጭንቀት ነው። ይህ ባይመለስ ኖሮ እንዴት ብለሽ ታዋልጂ ነበር? በዚያ ሁኔታ ላይ ያለች አዋላጅ መርፌ እንድትይዝ እኔ አልፈቅድም።

ሌላም አለ። ቮልፍራም ሹልዝ የተባለ ተመራማሪ በጦጣዎች አንጎል ውስጥ ያሉ ዶፓሚን አመንጪ ሕዋሳትን ለብዙ ዓመታት አጥንቷል። ጦጣዋ ሳታስበው ጭማቂ ጠብ ሲልላት ሕዋሳቱ በኃይል ይነቃሉ። ከጭማቂው በፊት ሁልጊዜ መብራት እንዲበራ ሲደረግና ጦጣዋ ይህን ስትለምድ ግን ሕዋሳቱ የሚነቁት በመብራቱ ጊዜ ነው፤ ጭማቂው ሲመጣ ዝም ይላሉ። ጭማቂው ያው ነው፤ ጣዕሙም አልተለወጠም። የተለወጠው ነገር መምጣቱ የታወቀ መሆኑ ነው። መብራቱ በርቶ ጭማቂው የቀረ ዕለት ደግሞ ሕዋሳቱ ከወትሮውም በታች ይወርዳሉ።

ከጦጣ እስከ ሰው፣ ከጭማቂም እስከ ፍቅር መንገዱ ረጅም መሆኑን አልዘነጋሁም። ቢሆንም የራስሽን ታሪክ በዚህ ተመልከቺው። በመጀመሪያው ዓመት ስልኩ መቼ እንደሚጮህ አታውቂም ነበር። ይደውል ይሆን? ይወደኝ ይሆን? ሌላ አለችው ይሆን? ልብሽ የሚዘለው ባለማወቅሽም ጭምር ነበር። አሁን በሁለት ሰዓት ይደውላል። ትናንት ደውሏል፤ ነገም ይደውላል። ልብሽ መዝለሉን የተወው ሰውዬው ስለቀረ ሳይሆን መምጣቱን ስለማይተው ነው። አንድ ማታ ሁለት ሰዓት አልፎ ሳይደውል የቀረበት ዕለት ካለ ያን ዕለት አስታውሺ። ምን አደረግሽ? ስልኩን አንሥተሽ ራስሽ ደወልሽ? አደጋ የደረሰበት መሰለሽ? ወይስ «እፎይ፣ ዛሬ ቶሎ እተኛለሁ» አልሽ? ከማንኛውም የደም ምርመራ የበለጠ የሚነግርሽ ይህ ነው። መልሱን እኔ አላውቀውም፤ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ያንን የመጀመሪያ እሳት አታራክሺው፤ ብቸኛ ዳኛም አታድርጊው። ከላይ ስሙን ያነሳሁት አርተር አሮን እ.ኤ.አ. በ1974 ከዶናልድ ደተን ጋር ሆኖ በካናዳ ቫንኩቨር አጠገብ ባለ ጥልቅ ገደል ላይ ሌላ ሙከራ አድርጎ ነበር። ወንዶች በሚወዛወዝ ከፍተኛ ተንጠልጣይ ድልድይ ላይ እያሉ አንዲት ቆንጆ ወጣት ጥያቄ ትጠይቃቸውና ስልክ ቁጥሯን ትሰጣቸዋለች። በዝቅተኛና ጠንካራ ድልድይ ላይ ካገኘቻቸው ይልቅ በኋላ በብዛት የደወሉላት እነዚህ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ የደረሱበት ድምዳሜ በገደሉ የተነሣ የመጣ የልብ ምት ለሴቲቱ እንደ መጣ ሆኖ ሊቆጠር ይችላል የሚል ነው። ሰውነት ይንቀጠቀጣል፤ ለምን እንደ ተንቀጠቀጠ ግን ሁልጊዜ በትክክል አይናገርም። ብዙ እህቶች በመንቀጥቀጥ ብቻ ለማይሆን ሰው ሕይወታቸውን ሲሰጡ አይቻለሁ፤ ያመዋል። መንቀጥቀጡ የት ሄደ ብለሽ ደኅናውን ሰው እንድትጠረጥሪ አልፈልግም።

ያ እሳት የግድ ይጠፋል ማለትም አይደለም። ቢያንካ አሴቬዶና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት በአማካይ 21 ዓመት በትዳር የኖሩና አሁንም በጽኑ እንደሚዋደዱ የሚናገሩ 17 ሰዎችን መረመሩ። የትዳር ጓደኞቻቸውን ፎቶግራፍ ሲያዩ ያቺው የዶፓሚን ስፍራ ነቃች። ከአዲስ ፍቅረኞች የሚለያቸው የጭንቀቱ ጉዳይ ነበር፤ እነርሱ ዘንድ ፍቅሩ ያ ጭንቀት አልነበረበትም። በእርግጥ እነዚህ ተመርጠው የተገኙ ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ባልና ሚስት እንዲህ ነው የሚል ማስረጃ ከዚህ አይወጣም። «በአሥራ ስምንት ወር ያልቃል» ለሚለው ግን በቂ መልስ ነው።

ስለ ኦክሲቶሲን የሚነገረውንም በጥንቃቄ ስሚ። ነገሩ በሰፊው የተወራው በአሜሪካ የሣር ሜዳዎች በምትኖር ፕሬሪ ቮል በምትባል አይጥ መሰል እንስሳ ምክንያት ነው። ወንዱና ሴቷ ከተጣመሩ በኋላ አብረው ይኖራሉ፤ ልጆቻቸውን አብረው ያሳድጋሉ፤ ይህም ከአጥቢዎች በጥቂቶቹ ብቻ የሚታይ ነው። ኦክሲቶሲንና ቫሶፕሬሲን የተባለው ሆርሞን ለዚህ ጥምረት ቁልፍ እንደሆኑ ለዓመታት ሲነገር ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2023 በካሊፎርኒያ የወጣ ጥናት ግን ኦክሲቶሲንን ተቀብሎ የሚሠራው የሕዋስ ክፍል (መቀበያው) በዘር ምሕንድስና የተወገደባቸው እንስሳትም ተጣምረው መኖራቸውን አሳየ። የዚያች ትንሽ እንስሳ ታማኝነት እንኳ በአንድ ሆርሞን ተጠቅልሎ አልተገኘም።

እንግዲህ «ምን ይዤ ነው የማገባው?» ላልሽው መልሴ ይህ ነው፦ የምታገቢው ሰውን ነው። ፍቅራችሁም እርሱ እንዴት እንደሚያይሽ፣ አንቺ እንዴት እንደምታይው፣ ለእርስ በርሳችሁ ምን እንደምታደርጉና ምን እንደምትነጋገሩ ያካትታል። ሆርሞኖቹ በዚህ ሁሉ ውስጥ እየሠሩ ነው፤ ሌላ ሦስተኛ ነገር ከሰማይ እንዲጨመር መጠበቅ የለብሽም። አስታሞ ማደር ፍቅር ነው። ጠይቆ መወሰንም ፍቅር ነው።

ወደ ቤቱ የምመጣው በዚህ በኩል ነው። ስለ ሆርሞን ብዙ ጻፍሽልኝ፤ ስለ ቤቱ የጻፍሽው ከሁሉ ያነሰ ነው፤ ያውም ከደብዳቤሽ ግርጌ። ያለ አንቺ ቤት ተከራየ፤ ዝውውር እንድትጠይቂ ወሰነ፤ እንደ ምሥራች ነገረሽ። ምን እንደ መለስሽለት ግን አልጻፍሽም። ደስ ብሎሽ ቢሆን ኖሮ ትጽፊው ነበር ብዬ አምናለሁ። ሥራሽን የምትወጂ ሴት እንደሆንሽ ከአጻጻፍሽ ያስታውቃል፤ አባትሽም ከአንቺ ዘንድ ናቸው። ልብሽ የበረደው በአሥራ ስምንተኛው ወር ነው ወይስ ቤት መከራየቱን በሰማሽበት ሳምንት? ይህን ለራስሽ በሐቅ መልሺ። አንዲት ሴት ሳትጠየቅ ስትቀር የሚሰማትን ቅዝቃዜ ዶፓሚን ላይ ማላከክ ይቀላል፤ ዶፓሚን አይቀየምም፤ ሽማግሌም አያስቀርም። ወዳጅሽን ፊት ለፊት «ለምን አልጠየቅኸኝም?» ማለት ነው የሚከብደው።

እርሱ በክፋት አደረገው አልልም። ዋሽቶሽ የማያውቅ፣ አባትሽን ያስታመመ ሰው፣ ቤት ሲያዘጋጅ ወንድነቱን የተወጣ፣ አንቺንም ያስደሰተ መስሎት ይሆናል። አባቶቻችን እንዲህ ነበር የሚያደርጉት፤ ሕጉም ይደግፋቸው ነበር። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ አስተዳዳሪ አድርጎ የመኖሪያ ቦታ የመምረጥ ሥልጣን ሰጥቶት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣውና በአዲስ አበባም በድሬዳዋም የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስት መኖሪያቸውን በጋራ እንዲወስኑ ይደነግጋል፤ መከባበርና መደጋገፍንም ግዴታ አድርጎባቸዋል። ይህ ሕግ ለጋብቻ የሚጠይቀው የሁለቱን ነጻና ሙሉ ፈቃድ ነው። የክብር መዝገብ ሹም ልባችሁ ይዘል እንደሆነ አይጠይቃችሁም፤ ፈቅዳችሁ እንደሆነ ይጠይቃችኋል። ሕጉን የጠቀስኩልሽ ልትከራከሪበት ብዬ አይደለም። የተሰማሽ ነገር የሴት ብልግና ወይም የፍቅር ማነስ እንዳልሆነ እንድታውቂ ነው።

ስለዚህ ከፋሲካ በፊት በአካል ተገናኙ፤ በስልክ አይሁን። ስለ ሆርሞን አትጀምሪ፤ ንግግሩን ላኪለትም አልልሽም። «ቤቱን ስትከራይ እኔን ብትጠይቀኝ ምን እንደምልህ ታውቃለህ?» ብለሽ ጀምሪ። ከዚያ የምትዪውን ተናገሪ፤ ስለ ሥራሽ፣ ስለ አባትሽ፣ ድሬዳዋን ለመልቀቅ ፈቃደኛ እንደሆንሽና እንዳልሆንሽ። እርሱ ወደ ድሬዳዋ መምጣት ይችል እንደሆነም ጠይቂው፤ የሒሳብ ሠራተኛ በድሬዳዋ ሥራ አያጣም፤ ይህን ማንሣት ነውር የሚመስላቸው ሰዎች ነውሩን ሊያስረዱኝ ችለው አያውቁም። ሲሰማሽ እንዴት እንደሚሰማ ተመልከቺ። ደንግጦ፣ አፍሮ፣ «አላሰብኩትም ነበር፤ እንምከርበት» ካለ፣ ትልቅ ነገር አግኝተሻል፤ ሽማግሌው ይምጣ። «ሚስት ባሏ ባለበት ነው የምትኖረው» ብሎ በሩን ከዘጋ ሽማግሌው ይቆይ። ከተጠሩ በኋላም ቢሆን ሽማግሌ ማስቆየት ነውር አይደለም፤ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ይህን ያውቃሉ።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ስለ ስልኩ ባነሳሁልሽ ጥያቄ መልስሽ «እፎይ» የሚል ከሆነ፣ አጠገብሽ ሲቀመጥ የምትሸሺ ከሆነ፣ ደግነቱ ብቻ እንዲያገባሽ አይበቃም። ሰው ደግ ስለሆነ ማመስገን ይገባል፤ ማግባት ግን ግዴታ የለም። ይህም ቢሆን በሦስት ዓመት ውስጥ የሆርሞን ዘመን ስላለፈብሽ አይደለም። አንቺና እርሱ ስላልሆናችሁ ነው፤ ለእርሱም ቢሆን ዛሬ ቢሰማው ይሻለዋል።

እስከዚያው ድረስ በኪራዩ ውል ላይ ስምሽን አታግቢ፤ የዝውውር ማመልከቻም አታስገቢ። መቀበያ ቦታ ሳይረጋገጥ በስሜት ማመልከቻ አስገብተው ከሁለቱም መሥሪያ ቤት መካከል ለወራት የተንጠለጠሉ አንባቢዎች ደብዳቤ ከዚህ በፊት ደርሶኛል። ሁለታችሁ ተስማምታችሁ አዲስ አበባ የሚል ውሳኔ ላይ ከደረሳችሁ፣ መጀመሪያ የሚቀበልሽ ሆስፒታል በጽሑፍ ይመልስልሽ፤ የአባትሽንም ክትትል ማን እንደሚወስድ ወንድሞችሽንና እህቶችሽን ሰብስባችሁ ተነጋገሩ፤ ወዳጅሽም በዚያ ስብሰባ ላይ ይገኝ።